ቮድካ ለቤት ጽዳት ይሆናል? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ

የመስኮት ዳር፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ታገሱኝ።

እኛ ቤት አልኮል የሚጠጣ ሰው የለም። በስጦታ የመጡ ሁለት ጠርሙስ ቮድካዎች ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ከተቀመጡ ሁለት ዓመት አለፋቸው። ጣዕም ያልተጨመረባቸው፣ ላያቸው ላይ 40 በመቶ የሚል የተጻፈባቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት ልደፋቸው ስል አንዲት የሥራ ባልደረባዬ "ቤት ይጸዳበታል እኮ!" ብላ አስቆመችኝ። ከዚያ ወዲህ ሐሳቡ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ለምን እንደከነከነኝ ልንገራችሁ። የስድስት ዓመቷ ልጄ አስም አለባት። ሽቶ ያለው ማጽጃ ቤት ውስጥ ከተረጨ ሌሊቱን ስታስል ታድራለች። ስለዚህ ዓመት ሙሉ የማጸዳው ሽታ በሌለው ሳሙናና በሙቅ ውሃ ነው። ለወለሉም፣ ለዕቃውም ይበቃኛል። ሦስት ነገር ግን አሸንፎኛል። አንደኛው የመታጠቢያ ቤቱ መስታወት ነው፤ በምን ብወለውለው መስመር መስመሩ አይለቅም። ሁለተኛው ልጄ ማቀዝቀዣውና ቁም ሳጥኑ በር ላይ የለጠፈቻቸው ስቲከሮች ናቸው። ወረቀቱ ተላጠ፣ ሙጫው ቀረ፤ አቧራ ይዞ ጠቁሯል።

ሦስተኛው የእናቴ ካፖርት ነው። ሱፍ ነው፤ ገበሩ ሐር ይመስለኛል። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። እስካሁን ፕላስቲክ ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ ዘንድሮ ልለብሰው ወሰንኩ። ሳወጣው ብብቱ አካባቢ የቆየ የላብ ሽታ አለው፤ ታፍኖ የከረመ ልብስ ሽታም ጨምሮበታል። ውሃ ውስጥ ልነክረው አልደፍርም። ደረቅ እጥበት ልሰጠው አስቤ ነበር፤ ከዚያ የሚመጣው ልብስ ሽታ ደግሞ ለልጄ አይስማማትም።

ቮድካው ሽታን በእውነት ያጠፋል ወይስ ይሸፍናል? ጉንፋን ሲገባ የበር እጀታ ብወለውልበት ጀርም ይገድላል? ምን ያበላሻል? "ይላሉ" ሳይሆን በእጁ የሠራበት ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።


መርፌና ክር፦

እህቴ፣ ካፖርቱን አትንከሪው። ከሁሉ በፊት ይህን ልበልሽ።

እኔ ቲያትር ቤት አልባሳት ክፍል ውስጥ 19 ዓመት ሠርቻለሁ። ቮድካ ለእኔ እንደ መርፌና እንደ ካውያ የሥራ ዕቃ ነው። የመድረክ ልብስ የሚይዙ ሰዎች በየአገሩ የሚያውቁት ዘዴ ነው። ምክንያቱን አስቢው። አንድ የንጉሥ ካባ ጥልፍ አለው፣ ገበር አለው፣ በመሀል ማጠንከሪያ ጨርቅ አለው። ውሃ ውስጥ ከገባ አንዱ ይሰበሰባል፣ ሌላው ይረግባል፤ ካባው ካባ መሆኑ ያበቃል። ተዋናዩ ደግሞ በዚያ መብራት ሥር ሁለት ሰዓት ተኩል ያልበዋል። ነገ ማታም የሚለብሰው ያንኑ ነው። ስለዚህ ትርኢቱ እንዳለቀ፣ የልብሱ ሙቀት ሳይወጣ፣ ገልብጠን ብብቱን፣ አንገቱን፣ ወገቡን እንረጨዋለን። ማራገቢያ ፊት ሰቅለነው እንሄዳለን። ጠዋት ስንመጣ የላቡም የቮድካውም ሽታ የለም።

ይሸፍናል ወይ ላልሽው፣ አይሸፍንም። የሚሸፍን ሽቶ ነው። ላብ ገና ሲወጣ ያን ያህል አይሸትም፤ የሚያሸተው ባክቴሪያ ሲበላው ነው። የሚፈጠረው ነገር ቅባትነት ስላለው ውሃ ብቻውን በደንብ አያሟሟውም፤ አልኮል ያሟሟዋል። ደግሞ ቶሎ ስለሚደርቅ ልብሱ ረጥቦ አያድርም። ረጥቦ የሚያድር ልብስ እንደገና መሽተቱ አይቀርም። አልኮሉ ሲተን የራሱን ሽታ ይዞ ይሄዳል፤ ለልጅሽ የሚቀር ሽቶ የለም።

አሁን ወደ ካፖርትሽ። መጀመሪያ ቮድካውን እርሺው። ካፖርቱን ሰፊ ማንጠልጠያ ላይ ስቀይውና ፀሐይ በማያገኘው፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ሁለት ቀን ይዋል። ኪሶቹን ወደ ውጭ ገልብጫቸው። ለስላሳ ብሩሽ ወስደሽ ከላይ ወደ ታች አቧራውን አራግፊ። ታፍኖ የከረመው ሽታ አብዛኛው በዚህ ይወጣል። ነጭ ወይም አረንጓዴ የሻጋታ ነጥብ ካየሽ ግን እዚያው አቁሚ፤ ለባለሙያ የሚሰጥ ነው።

ቀጥሎ ሙከራ። ከውስጥ በኩል፣ ማንም የማያየው ስፌት ላይ። ነጭ ጨርቅ በቮድካ አርጥበሽ ለአንድ ደቂቃ ያህል ተጫኚው። ነጩ ላይ ቀለም ከወጣ ልብሱ ለዚህ አይሆንም። ካልወጣም ቦታው እስኪደርቅ ጠብቂና ክብ ምልክት መተውና አለመተውን እዪ። ሱፉን ሞክሪ፣ ገበሩንም ለብቻው ሞክሪ። ሁለቱ የተለያዩ ጨርቆች ናቸው፤ አንዱ ተረፈ ማለት ሌላው ይተርፋል ማለት አይደለም።

ከዚያ ርጭቱ። ንጹሕ መርጫ ጠርሙስ ያስፈልግሻል፤ እንደ ጉም አድርጎ የሚረጭ እንጂ የሚያፈስ አይሁን። ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ራቂ። ጨርቁ ርጥብ ርጥብ ይበል እንጂ አይራስ። ቮድካውን በውሃ አትቀጥኚው፤ ከግማሽ በላይ ውሃ ያለበት ነው፤ ውሃው ነው ሐር ላይ ምልክት የሚተወው። እኔ በሁለተኛ ዓመቴ አንድ የሐር እጅጌ ላይ በጣም ቀርቤ ረጨሁ። መሀሉ ራሰ፣ ዳሩ ደረቀ፣ እንደ ካርታ ያለ መስመር ቀረበት። ያንን እጅጌ በጥልፍ ሸፍነን ነው የትርኢቱን ዘመን የጨረስነው። ዛሬም ሐር ስይዝ ያ መስመር ትዝ ይለኛል።

ሳይደርቅ እንዳታሸቺው። ርጥብ እያለ የሚሸትሽ ቮድካው ነው፤ "አልሠራም" ብለሽ ደግመሽ ትረጪዋለሽ። ሌሊቱን ይደር። ጠዋት አሽቺው፤ ካልለቀቀ ድገሚው። የቆየ ላብ በአንድ ጊዜ አይለቅም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ይፈልጋል። ሽታው ሲለቅ ግን እድፉ አይለቅም። ብብቱ ላይ ቢጫ ወይም ደረቅ ያለ ነገር ካለ የላብ መከላከያው ከላቡ ጋር ሆኖ የሠራው ነው፤ ቮድካ አይነካውም።

ለሌሎች አንባቢዎች፦ ጣዕም ያለውን ቮድካ አትሞክሩ። ብዙውን ጊዜ ስኳር ስላለበት ልብስ ላይ ይጣበቃል። ርካሹ፣ ተራው ይበቃል። ስንት ጊዜ እንደተጣራ የሚነገርለት ጠርሙስ ብብት ላይ የተለየ ሥራ አይሠራም።


ነጭ ጋዋን፦

የጀርሙን ጥያቄ እኔ ልመልስ። ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ጠረጴዛችንን በቀን ደጋግመን በአልኮል እንጠርጋለን።

ቮድካን ለጀርም አትመኚው። 40 በመቶ ነው። ተሐዋስያንን በአስተማማኝ ሁኔታ ለመግደል የሚፈለገው ከ60 እስከ 90 በመቶ አልኮል ነው። እኛ 70 በመቶውን ነው የምንጠቀመው። የዓለም ጤና ድርጅት ለእጅ ማጽጃ ያወጣው ቀመር ኢታኖሉ 80 በመቶ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ሰው ሁሉ ሳኒታይዘር ሲያጣ፣ ቲቶስ የተባለው የአሜሪካ ቮድካ አምራች ራሱ ምርታችን 40 በመቶ ብቻ ስለሆነ ለእጅ ማጽጃ አይሆንም ብሎ ሰዎችን መልሷል። ሊሸጥ የሚፈልገው ድርጅት ራሱ እንዲህ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው።

"እንግዲያው አፍልቼ ላወፍረው" የሚል አይጠፋም። እባካችሁ እንዳትሞክሩት። አልኮል የሚፈላው በ78 ዲግሪ፣ ውሃ በ100 ነው። ስታፈሉት ቀድሞ የሚሄደው አልኮሉ ነው። ድስቱ ውስጥ የሚቀራችሁ ውሃ፣ ኩሽናው ውስጥ የሚሞላው ደግሞ እሳት የሚይዝ ተን ነው።

ለበር እጀታ ሳሙናና ውሃ ይሻልሻል። ሳሙና ጀርሙን ከነቆሻሻው ያነሳዋል። ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ካለ፣ በተለይ የሚያስመልስና የሚያስቀምጥ በሽታ ከሆነ፣ ኖሮቫይረስን ጠንካራው አልኮል እንኳ በደንብ አያጠፋውም። ያኔ በትክክል የተበጠበጠ በረኪና ነው የሚያስፈልገው። የበረኪና ሽታ ደግሞ አስም ስለሚቀሰቅስ ልጅሽን አርቀሽ፣ መስኮት ከፍተሽ ይሁን።

እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አንብቢኝ። በረኪናና አልኮል አይገናኙ። ባንድ ዕቃ ብቻ አይደለም፤ አንዱ ገና ርጥብ ሆኖ ሳለ ላዩ ላይ ሌላውንም አትርጪ። ሲደባለቁ ክሎሮፎርምን ጨምሮ ጎጂ ነገሮች ይፈጠራሉ። "ተፈጥሯዊ ነው" የሚለው ቃል ሰውን የሚያዘናጋው እዚህ ጋ ነው። ቮድካ ከእህል ወይም ከድንች ስለመጣ ከኬሚካል ጋር አይጣላም ማለት አይደለም። ኢታኖል ራሱ ኬሚካል ነው።

እሳቱንም አትርሺ። የቮድካ ተን ወደ 26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በነበልባል ሊቀጣጠል ይችላል። ይህ የሞቀ ክፍል ሙቀት ነው። ስትረጪ ምድጃው ይጥፋ፣ ሻማ አይኑር፣ ርጥብ ልብስ ላይ ካውያ አይረፍ። ለአስሟም ቢሆን ተኑ ራሱ ጉሮሮ ሊቆጠቁጥ ስለሚችል ልጅሽ ሌላ ክፍል ሆና፣ ካፖርቱም ደርቆ ይግባ።

መስታወቱ ላይ ግን ጥሩ ይሠራል። የጣት ቅባቱን ያሟሟል፣ ቶሎ ይተናል። ቮድካው ውስጥ ያለው ውሃ አብዛኛውን ጊዜ ማዕድኑ የወጣለት ነው። ስለዚህ የቧንቧ ውሃ ጨምረሽ አታበላሺው፤ መስመር የሚተወው የቧንቧው ማዕድን ነው። ጥቂት ጨርቁ ላይ አድርገሽ ጥረጊ፣ ወዲያው በሌላ ደረቅ ጨርቅ ወልውይ። የቧንቧ አፍ ላይ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ግን አይነካውም። እሱ ካልሲየም ነው፤ የሚለቀው በአሲድ፣ ማለትም በኮምጣጤ ነው።


አራት እግር፦

እኔ የቆየ የቤት ዕቃ የማድስ አናጢ ነኝ። ስለ ቁም ሳጥኑ በር ሳነብ ደነገጥኩ፤ ለዚህ ነው የገባሁት።

እህት ዓለም፣ ማቀዝቀዣው ላይ ያለውን ሙጫ በቮድካ ልቀቂው። ጨርቅ አርጥበሽ አሥር ደቂቃ ለጥፊበትና ጥረጊው። የቁም ሳጥኑን በር ግን ቅቡ ምን እንደሆነ ሳታውቂ እንዳትነኪው። የድሮ ዕቃ ብዙ ጊዜ ሼላክ ነው የተቀባው። ሼላክ ላክ ከምትባል ነፍሳት የሚገኝ ሙጫ ነው። የሚቀባው በአልኮል ተሟሙቶ ነው። በአልኮል የተሟሟ ነገር ደርቆ ከርሞም አልኮል ሲያገኝ ይመለሳል። ይላላል፣ ይጣበቃል፣ ነጭ ደመና ያወጣል።

አንድ ደንበኛ የአያቷን ጠረጴዛ ይዛልኝ መጥታ ነበር። አንድ ሰው "ተፈጥሯዊ ማጽጃ" ብሎ መክሯት በቮድካ ወልውላዋለች። ሰማንያ ዓመት የቆየ ውበት በአንድ ከሰዓት በኋላ ደበዘዘ። አድሼዋለሁ፤ የበፊቱ ግን አይደለም። ጠረጴዛውን ስታየው ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ስለዚህ ነው እንዲህ አጥብቄ የምናገረው።

መለየት ቀላል ነው። ከበሩ ውስጠኛ ወይም ታችኛ ጠርዝ ላይ አንዲት ጠብታ አድርጊ። አንድ ሁለት ደቂቃ ቆይተሽ በጣትሽ ንኪው። ከተጣበቀ ወይም ከነጣ አልኮል አያስጠጋም። ለእንደዚህ ያለው የምግብ ዘይት ጥቂት ሙጫው ላይ አሺና ሰዓት ያህል ተዪው፤ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ አንሺው፤ ቅባቱን በጥቂት ሳሙናና ርጥብ ጨርቅ ጨርሺ።

እግረ መንገዴን፦ መስታወት የሚመስል ፕላስቲክ፣ ፕሌክሲግላስ የሚባለውን፣ በአልኮል አትጥረጊ። ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ቆዳ ጫማና ቆዳ ወንበርም ቅባቱ ወጥቶ ይደርቃል።


ጸጥ ያለ ጠዋት፦

አንድ ነገር ልጨምር። እኔ አልኮል ካቆምኩ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ቤታችሁ ውስጥ ወይም የሚመላለስ ዘመድ መካከል መጠጥ ለማቆም የሚታገል ሰው ካለ፣ ቮድካ በማጽጃ ስምም ቢሆን ባታስቀምጡ እለምናችኋለሁ። ሽታው ብቻውን ሰውን ወደ ኋላ ይጎትታል። እኔ በመጀመሪያው ዓመት የእጅ ሳኒታይዘር ሽታ እንኳ እጄን ያንቀጠቅጠው ነበር። እንደዚህ ያለ ሰው ላለበት ቤት መስታወቱን በኮምጣጤና በውሃ ማጽዳት ይቻላል።

ልጅ ላለበት ቤት ደግሞ መርጫውን ላይ አድርጉት፤ በትልቁም ጻፉበት። ውሃ ነው የሚመስለው።


ነጭ ጋዋን፦

የመጨረሻውን ነገር እኔ መጥቀስ ነበረብኝ፤ ስላነሳኸው አመሰግናለሁ ወንድሜ። ትንሽ ልጅ ጥቂት አልኮል ብትጠጣ እንኳ የደም ስኳሯ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል። ጠጥታለች ብሎ የጠረጠረ ሰው ምልክት አይጠብቅ፤ ወዲያው ሐኪም ጋ ይሂድ። የቀድሞውን ጠርሙስም በመጠጥነቱ አታስቀምጡት።


የመስኮት ዳር፦

ዘጠኝ ቀን ጠፋሁ፤ ይቅርታ። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

መስታወቱ ተሳካ። እስካሁን መስመር የሚሠራው የቧንቧ ውሃችን መሆኑን አላውቅም ነበር። የማቀዝቀዣው ሙጫ በአሥር ደቂቃ ሳይሆን በሃያ ለቀቀ፤ ለቀቀ ግን። የቁም ሳጥኑን በር ከታች በጠብታ ሞከርኩት፤ ተጣበቀ! አራት እግር፣ ባይጽፉልኝ ኖሮ ያን በር አጥቼው ነበር። በዘይት አስለቅቄዋለሁ። የበር እጀታዎቹን በሳሙና እያጠብኩ ነው። ሁለተኛውን ጠርሙስ ደፋሁት፤ የመጀመሪያው መርጫ ውስጥ ገብቶ፣ "ለልብስ፣ አይጠጣም" ተብሎ ተጽፎበት፣ የላይኛው መደርደሪያ ላይ ነው።

ካፖርቱ ሁለት ቀን ነፋስ ላይ ዋለ። እውነት ነው፣ ታፍኖ የከረመው ሽታ በዚያው ወጣ። ስፌቱ ላይ ሞከርኩ፤ ቀለም አልወጣም። ሁለት ሌሊት ረጨሁት። የቀኝ ብብት ምንም አይሸትም። የግራው ከሁለተኛው ሌሊት በኋላ ለቀቀ፤ ነገር ግን ገበሩ ላይ ደብዘዝ ያለ ክብ መስመር ቀረ። እትዬ መርፌና ክር፣ ርቀቱን ጠብቄ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ግን "ትንሽ ልጨምር" ብዬ አንድ ቦታ ደገምኩት። እርስዎ እንዳሉት ሐር ይቅር አይልም። ይህ መስመር መውጫ አለው?


መርፌና ክር፦

አይዞሽ፣ ደብዛዛ ከሆነና አዲስ ከሆነ ብዙ ጊዜ ይወጣል። እኔ የሐሩን እጅጌ ያጣሁት ለሳምንት ስለተውኩት ነው።

መስመሩን ራሱን አትፈትጊው። መስመር የሚፈጠረው ርጥበቱ ድንገት የሚያቆምበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ እዚያ እንዲቆም አታድርጊው። ያንን የገበር ቁራጭ በሙሉ፣ ከስፌት እስከ ስፌት፣ እኩል ጉም አድርገሽ ርጪው። ርጥበቱ ስፌቱ ላይ ሲያልቅ ዳሩ አይታይም። ከሥር ንጹሕ ነጭ ፎጣ አድርጊ፣ ከላይ በሌላ ፎጣ ቀስ እያልሽ ተጫኚ። ጫን ጫን እንጂ ማሸት የለም። ከዚያ ማራገቢያ ፊት። ገበሩ ከሱፉ ጋር ተጣብቆ እንዳይደርቅ በመሀል ፎጣ አስገቢለት።


የመስኮት ዳር፦

ትናንት ማታ እንዳሉኝ አደረግኩ፤ ከስፌት እስከ ስፌት። ጠዋት መስኮት ዳር ወስጄ በብርሃን አየሁት። መስመሩ የለም። ልጄ መጥታ ፊቷን ካፖርቱ ውስጥ ደፍታ አሸተተችው፤ አላሳላትም። ዛሬ ብርድ ነው፤ ለብሼው ወጣሁ።